ጎርጎራ ለአሳ የምትወርዱ፣ እባካችሁ

ከጎንደር ጎርጎራ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰውን የሚያዘናጋው ይኸው ቅርበቱ ነው። አርፍደው ይነሳሉ፤ ቆላ ድባ ላይ ቡና፣ ጯሂት ላይ ሌላ ቡና፤ ጣና ዳር ሲደርሱ ቀኑ 6 ሰዓት ሆኗል። ያኔ «ታንኳ የታለ?» ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ሐይቁ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ማዕበሉ ጊዜ አይሰጥም። ታንኳው ደግሞ ደንገል ነው፣ ውሃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል። የወሰድኩት እንግዳ ሁሉ «ትንሽ ብቻ» ይላል። እኔም ብያለሁ። «አያ፣ አንዴ ብቻ ልጣል» ብዬ ስለምናቸው ቀዛፊው መልስ ሳይሰጡ ወደ ዳር አዞሩት። አኮረፍኩ። ዳር ሳንደርስ ግን እስከ ወገቤ ርሼ፣ የመንጠቆ ሳጥኔን ውሃ ወስዶታል። ወይ እዚያው እደሩና በ12 ሰዓት ጠዋት ውጡ፣ ወይ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልማችሁ ተመለሱ። ቀዛፊው «አይሆንም» ካሉ ብር አትጨምሩላቸው።

ትልቅ መንጠቆ ይዞ መምጣትም አለ። የቀረሶ (ቲላፒያ የሚሉት አሳ) አፍ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መንጠቆ፣ ጠንከር ያለ ሊጥ ወይም ትል ይበቃል።

እምቦጭ ባለበት ክር አትጣሉ። አንዴ የጣለ ያውቀዋል።

ሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል ውስጥ በባዶ እግር መግባት ይቅርባችሁ። ቢልሃርዚያ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ውሃውን ባትጠጡም ይይዛችኋል።

በክረምትና በክረምት መውጫ የመገጭና የድርማ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ነጭ አሳ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዝ የሚወጣው በዚያ ነው። ነጭ አሳ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከ10 በላይ የሆኑት ዝርያዎቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። እንቁላል የያዘችውን ከበር ላይ ለቅሞ፣ ዓመት ቆይቶ «አሳው ጠፋ» ይላል።

አምባዛ ሲይዛችሁ በጎን ክንፎቹ አትጨብጡት፣ እሾህ አለው። ዝም ስላለም ሞቷል አትበሉ፤ ከውሃ ውጭም አየር እየሳበ ይቆያል። እኔ አንዱን በጆንያ አስሬ ሚኒባስ ወንበር ስር አስገባሁት። አዘዞ ስንደርስ ጆንያው ተላወሰና፣ ከጎኔ የነበሩት እናት «በስመ አብ!» ብለው እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ። ረዳቱ እኔንም አምባዛውንም አወረደን።