«ክሮኒክ» የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ከባድ» ብሎ መተርጎም። ዋናው ስህተት ይህ ነው። ይህ የእንግሊዝኛ የሕክምና ቃል (chronic) የመጣው «ጊዜ» የሚል ትርጉም ካለው «ክሮኖስ» ከተባለው የግሪክ ቃል ሲሆን የሚናገረውም ስለ ሕመሙ ቆይታ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚያስነጥስ የአፍንጫ አለርጂ ክሮኒክ ነው፤ ግን ማንንም አልጋ ላይ አይጥልም። ድንገት ተነሥቶ ቶሎ ካልታከመ ሊገድል የሚችለው የትርፍ አንጀት ሕመም ደግሞ «አኪዩት» (ድንገተኛ) ይባላል። ክብደትን ለመግለጽ «ሲቪር» የሚል ራሱን የቻለ ቃል አለ። ለዚህ ስህተት የእኛው ትርጉም ሳያግዝ አልቀረም፤ «ሥር የሰደደ» ሲባል ሰው የሚሰማው «የማይነቀል» ነው። «ለረጅም ጊዜ የቆየ» ማለት ይሻላል።

«የማይድን» ማለት ይመስላል፣ ግን አይደለም። ስኳር በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል፤ ክሮኒክ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት በሽታ ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን በአብዛኛው ይድናል።

ለሁሉም ሕመም አንድ የጊዜ ገደብ መስጠት። የአዋቂ ሰው ሳል ክሮኒክ የሚባለው ከ8 ሳምንት ሲያልፍ ነው። ለተቅማጥ ከ4 ሳምንት በላይ፣ ለኩላሊት ችግር ከ3 ወር በላይ፣ ለሄፓታይተስ ቢ ከ6 ወር በላይ ይጠበቃል። ክሮኒክ ብሮንካይተስ (የሳንባ አየር ቧንቧዎች ብግነት) ደግሞ የራሱ ስሌት አለው፦ አክታ ያለው ሳል በዓመት ቢያንስ 3 ወር፣ ያውም ለ2 ተከታታይ ዓመታት። እንግዲህ የ2 ሳምንት ሳልን ክሮኒክ ማለት ቃሉን ያለ ቦታው ማዋል ነው።

ከተመላላሽ ሕመም ጋር ማምታታት። በዓመት 3 ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው በየመሐሉ ከዳነ ችግሩ «ሪከረንት» ነው። ክሮኒክ ሕመም ሊብስና ሊቀል ይችላል እንጂ ጨርሶ ሄዶ እንደ አዲስ አይመጣም።

አነባበቡና ሰዋስዉ። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት (ch) የሚነበቡት እንደ «ክ» ነው፣ «ች» አይደለም። ከስም በፊት «ክሮኒክ ፔይን» (ለረጅም ጊዜ የቆየ ሕመም) ይባላል፤ ከሌላ ቅጽል በፊት ሲሆን ግን «ክሮኒካሊ ኢል» (ለረጅም ጊዜ የታመመ) እንጂ «ክሮኒክ ኢል» አይባልም።

ሐኪም የጻፈውን «አኪዩት ኦን ክሮኒክ» እንደ ጽሕፈት ስህተት ማየት። ሁለቱ ቃላት የሚጣረሱ ቢመስሉም ሐኪሙ አልተሳሳተም። ለዓመታት የደከመ ኩላሊት ከብርቱ ተቅማጥ በኋላ ፈሳሽ አጥሮት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራው ቢያሽቆለቁል፣ የቆየው ችግር ላይ አዲስ ጉዳት ተደርቦበታል ማለት ነው።