«እኔ ፈትቼዋለሁ እኮ!» ለሶኮባን ሌቭል ሠሪዎች ችግርና መፍትሄ

ደሴ ቁጭ ብዬ የልጆችን የሶኮባን ሌቭል የምሞክረው እኔ ነኝ። ከኮምቦልቻ ይላክልኛል፣ ከሐይቅ ይላክልኛል፣ ከወልዲያም ይላክልኛል። ክፍያ የለውም፣ ቡናው ግን አይቀርም። ጨዋታውን በዝርዝር አላስረዳም። ሶኮባን ሳጥኖቹን ሁሉ ማረፊያ በተባሉት ካሬዎች ላይ የማድረስ የኮምፒውተር እንቆቅልሽ ነው። ሳጥን ይገፋል፣ አይጎተትም፣ በቃ። ሌቭሉ በጽሑፍ ምልክት ይሠራል፦ # ግድግዳ ነው፣ $ ሳጥን ነው፣ ባዶ ቦታ ወለል ነው። ሳጥኑና ማረፊያው እኩል መሆኑን፣ ዙሪያው በግድግዳ መዘጋቱን ሳትቆጥሩ የምትልኩ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ሄዳችሁ ቁጠሩ።

ምልክት፦ ሌቭሉ ሲከፈት ተንጋዷል፣ ወይም ሳጥን ጎድሎታል

መንስኤው ቴሌግራም ነው። ሌቭሉን እንደ ተራ መልእክት ለጥፋችሁ ስትልኩ መጀመሪያው መስመር ፊት ያለውን ባዶ ቦታ ይቆርጠዋል። ይሄ እንኳ ቀላል ነው፣ በዓይን ይታያል። የሚያናድደው የኮከቡ ነገር ነው። ኮከብ (*) ማለት ማረፊያው ላይ ያረፈ ሳጥን ነው። ሁለት ኮከብ ጎን ለጎን ካለ፣ ትንሽ ራቅ ብሎም ሌላ ሁለት ካለ፣ ቴሌግራም «ደማቅ ጽሑፍ ፈልገው ነው» ብሎ አራቱንም ይበላቸዋል። ኮከብ ሳጥንም ማረፊያም ስለሆነ ቁጥሩ ከጠፋም በኋላ እኩል ነው። ብትቆጥሩ አታገኙትም።

መፍትሄ፦ በቲኤክስቲ (.txt) ፋይል ላኩ። ለባዶው ወለል ሰረዝ (-) ተጠቀሙ፣ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይቀበሉታል። የስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ ደግሞ አትላኩ። ማን ቁጭ ብሎ ይገለብጥላችሁ?

ምልክት፦ ፈቺው ፕሮግራም መልስ አላገኘም

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። «መልስ የለውም» ብሎ ከጨረሰ ሌቭሉ ሞቷል። ሰዓት ወይም ሜሞሪ አልቆበት ካቆመ ግን ምንም አልነገራችሁም። ሶኮባን ለኮምፒውተር እጅግ ከባድ ከሚባሉት ችግሮች መደብ መሆኑን የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ጆሴፍ ኩልበርሰን በ1997 (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል። ስለዚህ ትልቅ ሌቭል ላይ ፕሮግራሙ ዝም ሲል አትደንግጡ። ፕሮግራሙ ያወጣውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ምልክት፦ ሠሪው «እኔ ፈትቼዋለሁ» ይላል፣ ሌላ ሰው ግን አይፈታውም

ይሄ ነው የኔ ፀጉር አስሸባች። ከሚላክልኝ አብዛኛው በዚህ ይወድቃል። መንስኤውም ሁልጊዜ ያው ነው ማለት ይቻላል። ልጁ አልዋሸም፣ በእውነት ፈትቶታል። ከፈታው በኋላ ግን «ትንሽ ላሳምረው» ብሎ ነካካው። የፈታው ሌቭልና የላከልኝ ሌቭል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንዱ የኮምቦልቻ ልጅ ላሊበላ ደርሶ መጣና በቤተ ጊዮርጊስ ቅርጽ ሌቭል ልሥራ አለ። ሐሳቡ ግሩም ነው። አራቱ እጆች እኩል የሆኑ መስቀል፣ ማረፊያዎቹ መሀል ላይ፣ በየእጁ ጫፍ አንድ አንድ ሳጥን። እኛ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ሦስት ሰው ኮምፒውተሩን ከበበ። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካም አለቀ። አንድም ሳጥን ማረፊያው ላይ አላደረስንም። ስንደውልለት «አብሽሩ፣ ቀላል ነው፣ ትናንት ፈትቼዋለሁ!» አለን። ትናንት የፈታውን ፋይል አስላክነው። የላይኛው እጅ እንዲህ ነበር፦

#####
#---#
#-$-#
#---#

ተጫዋቹ በጎን ዞሮ ከሳጥኑ በላይ ይቆማል፣ ወደ መሀል ይገፋዋል። ደህና። ማታ ላይ ግን እጁ ወፍራም መስሎ ታየውና ጎንና ጎኑን ሞላው፦

###
#-#
#$#
#-#

ሳጥኑ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ማረፊያውም ያው ነው። ግን አሁን ከሳጥኑ በላይ ያለችው ካሬ ላይ የሚያደርስ መንገድ የለም። ከታች ብትገፉት ወደ ጫፉ ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። ሳጥን ወደ ታች እንዲሄድ ሰው ከላይ መቆም አለበት፣ ወደ ግራ እንዲሄድ ከቀኝ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ማታ ሲያሳምር ግን ሁሉም ይረሳዋል።

ሌላው የዚሁ ዘመድ የፋይል ስም ነው። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «እውነተኛው ፋይናል»። አንዱ መብራት ሄዶበት ሳይሴቭ የቀረውን በማስታወስ እንደገና ሠራው። አንዲት ማረፊያ ከግድግዳው ጥግ ወደ ውስጥ አንድ ካሬ ገብታ ተሠራች። እንግዲህ ግድግዳ የተጠጋ ሳጥን፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ከዚያ መስመር አይወጣም። መስመሩ ላይ ማረፊያ ከሌለ ሳጥኑ ሞተ ማለት ነው። ሁለት ቀን ታገልን። በሁለተኛው ቀን እናቴ መጥታ «አሁንም እሱን ሳጥን ነው የምትገፉት?» አለችን።

መፍትሄ፦ ከኋላ ወደ ፊት ሥሩት። ሳጥኖቹን ሁሉ ማረፊያቸው ላይ አስቀምጡና ጎትቱ። ጨዋታው ላይ መጎተት ክልክል ነው፣ ስትሠሩ ግን ይፈቀዳል። ለመጎተት ከጀርባችሁ ባዶ ካሬ ያስፈልጋል። ጎትታችሁ ያመጣችሁትን ሳጥን በዚያው መንገድ ገፍታችሁ ትመልሱታላችሁ፣ ስለዚህ መልስ እንዳለው ከመጀመሪያው ታውቃላችሁ። ሐይቅ ያለች አንዲት ልጅ እንዲህ ነው የምትሠራው። የሷን ሌቭል ስከፍት ቡናዬን በሰላም ነው የምጠጣው።

ከዚያ መልሱን አስቀምጡ። ፕሮግራሞቹ እያንዳንዱን እርምጃ በፊደል ይመዘግባሉ፣ መራመድ በትንሹ ፊደል፣ መግፋት በትልቁ። ልትልኩ ስትሉ የምትልኩትን ፋይል ራሱን ክፈቱ። ትናንት የከፈታችሁትን አይደለም፣ እሱን ራሱን። የተቀመጠውን መልስ አጫውቱት። መሀል ላይ ከቆመ ማታ የነካችሁት ነገር አለ።

አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የውስጥ ግድግዳ ማፍረስ መልሱን አይገድለውም፣ አቋራጭ ግን ሊከፍት ይችላል። ግድግዳ መጨመር አቋራጭ ይዘጋል፣ መልሱን ግን ሊገድል ይችላል። ማሳመር ካማራችሁ ከውጭ አሳምሩ። ተጫዋቹ የማይደርስበት ቦታ ላይ የጣሪያውን አንዱ በአንዱ ውስጥ ያለ መስቀል ሳይቀር ቅረጹ፣ ማንም አይጎዳም። ውስጡን አትንኩ። ነካችሁ? እንደገና ፍቱት። አንድ ካሬ ብቻ ነው? እንደገና ፍቱት።

ምልክት፦ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ያላችሁት በአምስት ደቂቃ አለቀ

አቋራጭ አለው። ይሄ የኔም በሽታ ነው፣ አልሸሽግም። አንድ ወር ለፍቼ የሠራሁትን ሌቭል አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ሳምቡሳ ይዞ ፈታው። መንስኤው ብዙውን ጊዜ «ለመተንፈሻ» ብላችሁ የተዋችኋት ባዶ ካሬ ናት። ፈቺውን መልሱን ጠይቁት፣ ከናንተ መልስ ጎን አስቀምጡት። የት ነው መንገዳቸው የተለያየው? እዚያ ያለችውን አንዲት ካሬ ዝጉ። ሦስት አትዝጉ፣ አንዲት። ዘግታችሁ ስትጨርሱ ግድግዳ ጨምራችኋልና ወደ ላይ ተመለሱ፣ ከመጀመሪያው ፍቱት።

ጥቃቅኖቹ

ተጫዋቹ ጭራሽ ካልታየ ማረፊያ ላይ ቆሞ ነው የሚጀምረው፣ ምልክቱ አት (@) ሳይሆን ፕላስ (+) ነው። ቀለሙ ከተዘበራረቀ የሌቭሉ አይደለም፣ የስኪኑ (የጨዋታው መልክ) ነው፣ ለኔ አትላኩ። አራት ሳጥን ሁለት በሁለት ተጠጋግቶ ከጀመረ፣ አንዱም ከማረፊያው ውጭ ከሆነ፣ እሱን ለመፍታት ሰው አትጥሩ።