ጀምስ ቦንድን የዘመን መስታወት አድርጋችሁ ስትጽፉ የምትሳሳቱት

ስለ ፊልም የሚጽፉ ወጣቶችን ሥራ ማረም ከጀመርኩ ቆየሁ። የእንግሊዙ የፊልም ሰላይ ቦንድ ላይ ሲደርሱ አንዱ ስህተት ሁሌም አለ፤ አሁንስ አንገፈገፈኝ። ዘመኑን የሚፈልጉት ክፉው ሰውዬ ላይ ብቻ ነው። «ያኔ ሶቪየት፣ ቀጥሎ የዕፅ ነጋዴ፣ ከዚያ ሃከር» ብለው ይደረድሩና በቃ፣ አለቀ።

ልጆች፣ ክፉውን እኮ ጸሐፊዎቹ አስበውበት ነው የመረጡት። ዘመኑ ያለው ሳያስቡ ባለፉት ነገር ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ፊልም፣ በፈረንጆቹ 1962 የወጣውን «ዶክተር ኖ»ን ክፈቱ። ኳረል የሚባል ጥቁር ጀልባ ነጂ ፈርቶም ቢሆን ቦንድን ወደ ደሴቱ ወስዶታል። ባሕሩ ዳር ላይ ቦንድ ጫማዬን አምጣ ይለዋል። ያመጣለታል። የሚደነግጥ የለም፤ ካሜራውም ዞር ብሎ አያየው። ፊልሙ ለንደን ላይ ሲከፈት እኮ ጃማይካ ከእንግሊዝ ነፃ ከወጣች ሁለት ወር ሆኗታል! እቺን ትእይንት ሦስት ጊዜ ደግማችሁ እዩልኝ።

መጽሐፉንና ፊልሙን አታምታቱ። የቦንድ ፈጣሪ ደራሲው ኢያን ፍሌሚንግ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ዶክተር ኖ የሚሠራው ለሩሲያ ነው። ፊልሙ ላይ ግን ለምሥራቅም ለምዕራብም የማያድር ድርጅት፣ የስፔክተር ሰው ሆነ። አራት ዓመት ብቻ ነው ልዩነቱ።

ዘመንን በተዋናይ አትከፋፍሉ፤ ሮጀር ሙር ብቻውን ከ1973 እስከ 1985 ቦንድን ሆኖ ሰባት ፊልም ሠርቷል።

«ከዘመኑ የቀደመ» የሚለውን ቃል ደግሞ በጥንቃቄ ያዙት። እኔም ተሳስቼበታለሁ። በ1995 «ጎልደንአይ» ላይ ጁዲ ዴንች የቦንድ አለቃ ስትሆን «ፊልሙ ቀደመ» ብዬ ጻፍኩ። ስቴላ ሪሚንግተን የሚባሉ ሴት የእንግሊዝን የአገር ውስጡን የስለላ መሥሪያ ቤት፣ ኤምአይ 5ን መምራት የጀመሩት በ1992 መሆኑን አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ነገረኝ። አፈርኩ። የቦንድ መሥሪያ ቤት ኤምአይ 6 ግን በሴት መመራት የጀመረው ገና በ2025 ነው። ስለዚህ ቀደመ ከማለታችሁ በፊት ማንን እንደቀደመ ለዩ።

ኋላ የመጣውን ይዛችሁም ወደ ኋላ አትፍረዱ። በ1987ቱ ፊልም ቦንድ ከአፍጋን ሙጃሂዲኖች፣ ከእስላማዊ ታጣቂዎቹ ጋር ሆኖ ሶቪየቶችን ይወጋል። ዛሬ የሚያየው ሁሉ ይገረማል። ያኔ ግን አሜሪካም እንግሊዝም ይደግፏቸው ነበር፤ ተመልካቹም ምንም አልመሰለው።

የ2021ዱን ፊልም ስታዩ 007 የሚለው የቦንድ መለያ ቁጥር ለጥቁር ሴት ሰላይ መሰጠቱን ጽፋችሁ አታቁሙ። እሱ ታስቦበት የገባ ነው። እዚያም የጫማዋን ዓይነት ትእይንት ፈልጉ። እኔ ሁለቴ አይቼው እስካሁን አላገኘኋትም።