ንዑስ ተፋሰስን ከላይኛው ጫፉ ጀምሮ ማልማት

ጉና ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁለት መንገድ አለው። በምዕራብ በኩል የወደቀው በርብና በጉማራ ወርዶ ጣና ይገባና ዓባይ ሆኖ ይወጣል፤ በምሥራቅ በኩል የወደቀው ወደ ተከዜ ይሄዳል። ሁለቱ ዳግም የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ አትባራ ከተማ አጠገብ ነው። ውሃውን እንዲህ የሚለያየው የተራራው ጀርባ የተፋሰስ ወሰን ይባላል። ተፋሰስ ማለት ደግሞ የዘነበበትን ውሃ በአንድ መውጫ የሚያስወጣ መሬት በሙሉ ነው፤ ወንዙ ብቻ ሳይሆን ማሳው፣ ግጦሹ፣ መንገዱና የቤቱ ጣሪያ ጭምር። አገራችን በ12 ዋና ዋና ተፋሰሶች ትከፈላለች፤ ዶማና አካፋ የሚያነሳ ሰው የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ሄክታር በሚሆን ንዑስ ተፋሰስ ውስጥ ነው።

ውሃውን መቁጠር

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በ200 ሄክታር ላይ የወረደው 60,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። መሬቱ ተራቁቶ ግማሹ ሳይሰርግ ቢሄድ፣ 10,000 ሊትር በምትይዝ ቦቴ 3,000 ቦቴ ውሃ በአንድ ሸለቆ ይወርዳል ማለት ነው።

ራቁት አፈር ውሃውን የማያስገባው ስለጠገበ ብቻ አይደለም። ጠብታው ሲመታው ደቃቁ አፈር ይበተንና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ከዝናብ በኋላ ማሳው ላይ የምታዩት ቅርፊት ይኸው ነው። ሳር ወይም ገለባ ቢኖር ጠብታውን ይቀበልለት ነበር። ያልሰረገው ውሃ ተዳፋቱን ይዞ ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቦረቦሩ የሚታየው ታች ነው፣ የተጠነሰሰው ግን ላይ ነው። ጣና ዳር ያለውን የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቀው ጎርፍና የሚያለብሰው ደለልም ከላይኛው ተዳፋት የመጣ ነው። ላይኛው ሳይያዝ ታች ቦረቦሩ ውስጥ ክትር (ውሃውን የሚያግድ ካብ) መሥራት የሰው ጉልበት ማባከን ነው፤ ይህን ደግመን ደጋግመን የምንለው በየዓመቱ ክትር ሲጠረግ ስለምናይ ነው።

ወሰኑን ማግኘት

ከመውጫው ተነሱ፤ ጅረቱ ከትልቁ ወንዝ ወይም ከሜዳው ከሚገባበት ነጥብ። ፊታችሁን ወደ ላይ አዙራችሁ በግራና በቀኝ ያለውን ጀርባ ተከትላችሁ ውጡ፤ ሁለቱ መስመሮች በተፋሰሱ ራስ፣ በላይኛው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። በ1፡50,000 ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮቹ ሹል ወደ ከፍታው ከጠቆመ ሸለቆ ነው፣ ወደ ዝቅታው ከጠቆመ ጀርባ ነው። ካርታው አያሳይም እንጂ መንገድም ወሰን ይቀይራል፤ ከወዲያ ማዶ የመጣን ጎርፍ በቱቦ ወደ እናንተ ሸለቆ የሚጥል መንገድ ብዙ አለ። ስለዚህ አንድ ጊዜ በዝናብ ሰዓት ዙሩት።

ወሰኑ ሁለት ቀበሌ ከነካ ከሁለቱም ጋር ሳትስማሙ ሥራ አትጀምሩ። የላይኛው ቀበሌ ከብቱን ከለቀቀ የታችኛው እርከን አይቆምም።

ተዳፋቱን መለካት

የሚያስፈልገው የገመድ ውሃ ልክ፣ የማይሳብ ሲባጎ፣ ተመሳሳይ ቁመት ያላቸው ሁለት እንጨቶችና ሦስት ሰው ነው። በእንጨቶቹ መካከል ያለው ሲባጎ 10 ሜትር ይሁን። ውሃ ልኩ የሚንጠለጠለው ልክ መሐሉ ላይ፣ 5 ሜትር ላይ ነው፤ ሲባጎው በራሱ ክብደት ስለሚረግብ ወደ አንዱ ጫፍ ከተጠጋ ይዋሻል። ከመጀመራችሁ በፊት ፊኛዋን (በውሃ ልኩ ውስጥ ያለችውን የአየር አረፋ) መሐል አምጡና ውሃ ልኩን ቀኙን ወደ ግራ አዙራችሁ መልሳችሁ ስቀሉት። ፊኛዋ ከመሐል ከሸሸች መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ቀይሩት።

አንዱ ሰው ላይ፣ አንዱ ታች ይቁም። የላይኛው ሰው ፊኛዋ መሐል እስክትመጣ ድረስ ሲባጎውን በእንጨቱ ላይ ወደ ታች ያውርድ። 80 ሳንቲ ሜትር ካወረደ ተዳፋቱ 8 በመቶ ነው።

ከዚያ የእርከኖቹን ርቀት አስሉ። በመካከላቸው የሚኖረውን የከፍታ ልዩነት በ100 አባዝታችሁ ለተዳፋቱ መቶኛ አካፍሉት። ከ15 በመቶ ባልበለጠ ማሳ የ1 ሜትር ልዩነት ይበቃል፤ ስለዚህ በ5 በመቶ 20 ሜትር፣ በ10 በመቶ 10 ሜትር፣ በ15 በመቶ ወደ 7 ሜትር ይሆናል።

ከተፋሰሱ ራስ መጀመር

ከማሳው በላይ ያለው ተራራ ከከብት ይከለል፤ ሳሩ እየታጨደ ይሰጥ። ተዳፋቱ ላይ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትሬንች (ውሃ አቁሮ የሚያሰርግ ጉድጓድ) ቆፍሩ። አንዱ 750 ሊትር ይይዛል። ረድፎቹ በ5 ሜትር ቢራራቁና በአንድ ረድፍ ትሬንቾች መካከል ግማሽ ሜትር ቢተው፣ እያንዳንዱ የሚቀበለው የ17.5 ካሬ ሜትር ውሃ ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ዘንቦ አንዲት ጠብታ ባትሰርግ እንኳ 525 ሊትር ነውና ይችለዋል። የታችኛው ረድፍ ትሬንች ከላይኛው ክፍተት ትይዩ ይሁን። ወይራ፣ ዋንዛና ትሪ ሉሰርን (ለመኖ የሚሆን ቁጥቋጦ) እንደ ከፍታው ይተከላሉ። ባሕር ዛፍን ከምንጭ ዓይን አርቁ።

ተራራው ከማሳው ጋር በሚዋሰንበት ላይ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ውድቀቱ በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ቦዩ ውሃውን የሚጥልበት ሳር የለበሰ መፋሰሻ ግን ቢያንስ ከአንድ ክረምት በፊት መዘጋጀት አለበት። ሁለቱን በአንድ ዓመት የሠራ ሰው አዲስ ቦረቦር በገዛ እጁ ይቆፍራል።

እርከኑ ለምን ይሰበራል

የአፈር እርከን ከተጠቀጠቀ በኋላ ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ የስሩ ስፋት ከ1 እስከ 1.2 ሜትር፣ የአናቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከላዩ ያለው ቦይ በየ3 እስከ 6 ሜትሩ ያልተቆፈረ የአፈር ማገጃ ይተውለት። ርዝመቱ ከ80 ሜትር አይለፍ፣ ጫፎቹም ወደ ላይ ይታጠፉ።

ብዙ ሰው የቦዩን መስመር በውሃ ልክ ይቀይስና አናቱን በዓይን ይተወዋል። አደጋው እዚያ ነው። አናቱ አንድ ቦታ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ቢል፣ ማገጃዎቹን ያለፈው ውሃ ሁሉ በዚያች ቦታ ይወጣል፤ ክንድ የምታህል ሽንቁር በአንድ ዝናብ በር ታክላለች። ከዚያ ወደ ታችኛው እርከን ይወርዳል፣ እሱንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ውሃ ልኩን መልሳችሁ አናቱ ላይ ስቀሉት። እርከኑ ትንሽ ሰርጓዳ የሚያቋርጥበትን ቦታ ከሌላው ከፍ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ፤ እዚያ የፈሰሰው አፈር ብዙ ስለሆነ በመጀመሪያው ዝናብ ይበልጥ ይሟሽሻል።

ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ) መሬት ሌላ ጸባይ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ያቁራል። ወደ ጎን የማይዘነበል ደልዳላ እርከን ከሠራችሁበት ሰብሉ ቢጫ ይሆናል፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከስር ይበሳዋል። እዚህ እርከኑ በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ወደ መፋሰሻው ይዘንበል። ገበሬው በየዓመቱ የሚያወጣው ፈሰስም (የማሳ ውሃ ማስወጫ ቦይ) ወደዚያው ይግባ እንጂ ወደ ጎረቤት ማሳ አይለቀቅ።

ቁፋሮው ጥርና የካቲት ላይ ይለቅ፤ ዴሾ ወይም ቬቲቨር ሳር ሐምሌ ላይ እርከኑ ላይ ይተከል። ሳር ያልያዘውን እርከን ከብት በአንድ በጋ ይንደዋል። የልቅ ግጦሽ ደንቡ ከቁፋሮው በፊት መጽደቅ አለበት።

አሁን ወደ ቦረቦሩ

የድንጋይ ክትር ቁመቱ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ነው። መሠረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፣ ጎንና ጎኑ ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው ይግባ። መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ብሎ የውሃ ማሳለፊያ ይሁን፤ አናቱ ደልዳላ ከሆነ ውሃው ጎን ለጎን ፈልፍሎ ክትሩን ብቻውን አቁሞት ይሄዳል። ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ድንጋይ ይነጠፍ። ለርቀቱ ቁመቱን በ1.2 አባዙና ለቦረቦሩ ተዳፋት (10 በመቶን 0.1 ብላችሁ) አካፍሉ፤ ቁመቱ 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነ 12 ሜትር ይሆናል። ደለሉ ሲሞላ የዝሆን ሳር ትከሉበት።

ምንጩን መለካት

ከክረምቱ በፊት ምንጩ እጅግ በሚያንስበት ሰሞን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅናችሁ በሰዓት ያዙት። በ40 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ነው፤ በቀን 43,200 ሊትር፣ ለአንድ ሰው 20 ሊትር ቢታሰብ ለ2,160 ሰው። ከሥራው በፊት ያለውን ዓመት ልኬት አትዝለሉ፣ ማነጻጸሪያችሁ እሱ ነውና። የዓመቱን ዝናብ ከጎኑ ጻፉበት፤ በድርቅ ዓመት የቀነሰ ምንጭ እርከኑ አልሠራም ማለት አይደለም።