ጥንቸል የማይጎዳ ቆጥ፦ እንጨቱን መምረጥና ቀለም መቀባት

አዳማ ውስጥ ለልጆቹ ጥንቸል የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ቤቷ ሽቦ ነው፤ ድመትና ውሻ እንዳይደርስባት። ወጥታ የምትጋደምበት ቆጥ ትዝ የሚለው በኋላ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ቆጥ የሠራሁት ግቢ ውስጥ ከወደቀ የአሮጌ በር ቁራጭ ነበር። ሰማያዊ ቀለሙ አምሮኝ ሳልፍቀው አስገባሁት። በሳምንቱ ጠርዙ ተግጦ እንጨቱ ነጭ ብሎ ታየ፤ ቀለሙ የት እንደገባ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነበር፤ ደግነቱ ጥንቸሏ ተረፈች።

የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የምታሳጥረውም በማኘክ ነው። ስለዚህ ቆጡን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ መኖ ቁጠሩት። ቺንቺላ የተባለችውን ለስላሳ ፀጉር ያላት አይጥ መሰል እንስሳ ለሚያሳድግም ነገሩ ያው ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የመጣች ስለሆነች ግን ከእንጨቱ በፊት የአዳማ ሙቀት ያሳስበው።

መጀመሪያ እንጨቱን አሽትቱት። ሽታው የሚያውድ ከሆነ ተዉት። ጥድ በተለይ፣ የፈረንጁም ጭምር፣ ሽታው ለእኛ ደስ ቢልም ለትንንሽ እንስሳት ሳንባና ጉበት ጥሩ አይደለም። የአቮካዶ፣ የኮክና የቅንጭብ እንጨትም አይገባም። ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚባሉት ከእንጨት ፍርፋሪና ብናኝ የተጣበቁ ሰሌዳዎች ሙጫ ስላለባቸው አይታኘኩም። የአኻያና የፖም እንጨት ግን ቢታኘክም ችግር የለውም፤ ቅርንጫፉን ከነልጡ ብትሰጧት ራሱ ትወደዋለች።

ከተማችን በጅቡቲው መንገድ ላይ ስለሆነች፣ ሞጆ ደረቅ ወደብም ቅርብ ስለሆነ፣ ርካሹ ጣውላ የፓሌት፣ ማለትም የጭነት ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ነው። ፓሌቱ ጎን ላይ በላቲን ፊደል የተመታ ማኅተም ፈልጉ። «ኤች ቲ» የሚለው እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሙቀት መታከሙን ያሳያል። «ኤም ቢ» ካለ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነውና አትውሰዱት። ማኅተሙ ግን ፓሌቱ ላይ ምን ተጭኖ እንደነበር አይናገርም። ዘይት የጠጣ ወይም የማዳበሪያ ነጭ ዱቄት የያዘ ከሆነ ለማገዶም አልመክረው።

ውፍረቱ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ ጥንቸሏ ተዘርግታ የምትተኛበት ያህል ይሁን። አናጢው በመላጊያ ካስተካከለው በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን አለስልሱት። ከወለሉ ብዙ አታርቁት፤ የጥንቸል ወገብ ከከፍታ ዝላይ ጋር አይስማማም። ምስማር አትጠቀሙ፤ ብሎንና ሰፊ ሮንዴላ ከሥር አስገብታችሁ ከሽቦው ጋር እሰሩት፣ ለማጠብም ይፈታል።

አሁን ቀለሙ። የዘይት ቀለምና ቫርኒሽ ከነጭራሹ ይቅር። ኢትዮጵያ ቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የገደበችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት፣ የእኔው ሰማያዊ በር ጭምር፣ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አዲሱም ቢሆን ለመታኘክ አልተሠራም።

የሚቀባው ከወጥ ቤት ነው። አንድ ቀይ ሥር ፈቅፍቃችሁ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀቅሉ፤ ውኃው ግማሽ ሲሆን አቀዝቅዛችሁ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ቢጫ ከፈለጋችሁ አንድ ማንኪያ እርድ በሞቀ ውኃ በጥብጡ። የተፈጨ እርድ ቀለሙ እንዲያምር እርሳስ ያለበት ዱቄት ተቀላቅሎበት የተገኘባቸው አገሮች ስላሉ፣ እኔ ሥሩን ገዝቼ ራሴ እወቅጠዋለሁ። ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት አትጨምሩ፤ ዘይት ይበላሻል።

እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉና በአዲስ ብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ይጣመማል። ጥላ ሥር ብቻ በቂ ነው፤ ተርባይን የሚያዞር የአዳማ ነፋስ ለአንዲት ጣውላ አያንስም። ከሁለት ቀን በኋላ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ጠራርጉትና እንደገና አድርቁት።

የቀይ ሥሩ ቀለም በወር ሁለት ወር ይደበዝዛል፤ ይህን የማይወድ ሰው እንጨቱን እንዳለ ይተወው፣ ጥንቸሏ እንደሆነ ግድ የላትም። የሽንት ነጭ እድፍ በአቼቶ ይለቃል፤ ከዚያ በውኃ አጥባችሁ አድርቁት።

በእርድ በተቀባ ቆጥ ላይ ድንገት ቀያይ ነጠብጣብ ብታዩ ግን ደም ነው ብላችሁ አትደንግጡ። እርድ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር) ሲነካው ይቀላል፤ የጥንቸል ሽንት ደግሞ አልካሊ ነው። እኔ የመጀመሪያ ዕለት በጨርቅ ጠቅልዬ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይዣት ሮጫለሁ።