የመጀመሪያ ልጃቸውን ለሚጠብቁ ባልና ሚስት

ከልብስና ከአልጋ ግዢ በፊት ሊወሰን የሚገባው የመውለጃው ቦታ ነው፤ የእርግዝና ክትትሉም በዚያው ጤና ተቋም ቢሆን ይመረጣል። ምጥ በሌሊት ቢመጣ ማን መኪና እንደሚያመጣ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚለግስ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የቀይ መስቀል የአምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑንም ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋሙ ሂዱ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር አባት በሚስቱ ወሊድ ጊዜ የሚያገኘው 3 ተከታታይ ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ የዓመት ፈቃዱን ለዚህ ወቅት እንዲያቆይ አጥብቄ እመክራለሁ።

ለአራሷ የገንፎና የአጥሚት እህሉን ማስፈጨት፣ ቅቤውን ማንጠር ከወዲሁ ይጠናቀቅ፤ ይህ የቆየ ልማዳችን ለእናቲቱ ብርታት የሚሰጥ መልካም ነገር ነው። ለሕፃኑ ግን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ቅቤም ሆነ ውሃ አያስፈልገውም፤ ጡትም በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይጀመርለት፣ ገላውንም ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠበቅ። አያቶች ቅቤ እናስልሰው ማለታቸው አይቀርምና፣ ባልየው ለእናቱ፣ ሚስትየዋም ለእናቷ፣ ልጁ ሳይወለድ በአክብሮት ቢያስረዱ በአራስ ቤት ቅሬታ አይፈጠርም።