የቮልስ ቺንጋ ሲጮህ ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

የድሮዋ ቮልስ (ቮልስዋገን ቢትል) ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር (ማራገቢያ) የተገጠመው ከዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ብቻ ነው። ቺንጋው እየተንሸራተተ የሚጮህ ከሆነ ቬንትሌተሩም የሚገባውን ያህል አይዞርም። የዘይት ማቀዝቀዣው ያለው በዚያው የአየር መንገድ ላይ ስለሆነ የሞተር ዘይቱ አብሮ ይግላል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ የሚባክን ንፋስ የለም።

የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው ስህተት ጩኸቱን በቅባት ዝም ማሰኘት ነው። ሳሙና፣ ሻማ፣ ግራሶ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚቀቡ አሉ። ድምፁ ለአንድ ቀን ይጠፋል፤ መንሸራተቱ ግን ይብሳል። ቅባት ጎማውን ያሳብጠዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። ለምርመራ የሚበጀው ንጹሕ ውኃ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ቺንጋው ላይ ትንሽ ውኃ ይርጩ፤ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አጠገቡ ስለሆነ እንዳያርሱት፣ እጅዎንና ልብስዎንም ያርቁ። ጩኸቱ ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ (ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው መዘውሮች) አንድ መስመር ላይ አይደሉም ወይም የቺንጋው ጎን ደርቆ አብረቅርቋል። ውኃ ሲነካው ከባሰበት ቺንጋው ላልቷል።

ሁለተኛው፣ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ማጥበቅ። ጠዋት ሲነሳ ጮሆ ከደቂቃ በኋላ ዝም የሚል ቺንጋ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የደከመ ባትሪ ነው፤ ዲናሞው ባትሪውን ለመሙላት ሲታገል ዘንጉ ይከብዳል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ የማጉረምረም ድምፅ ከሆነ ደግሞ የዲናሞውን ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን ባለ ኳስ ቀለበት) ይጠርጥሩ። ለማረጋገጥ ቺንጋውን አውልቀው ዲናሞውን በእጅ ያዙሩት፤ ቢንኳኳ ወይም ሻካራ ሆኖ ቢዞር ጥፋቱ እዚያ ነው። ያለ ቺንጋ ሞተሩን ማስነሳት ካስፈለገ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ከግማሽ ደቂቃ በታች ብቻ።

ከመጠን በላይ ማጥበቅም ኩሽኔታውን ይበላዋል። ቺንጋውን በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት።

የቮልስን አሠራር የማያውቅ መካኒክ የሚሳሳተው ማስተካከያው ላይ ነው። እንደ ሌሎች መኪኖች ዲናሞውን አላልቶ በብረት መግፋት እዚህ አይሠራም። የዲናሞው ፑሌጃ ሁለት ግማሽ ነው፤ በመካከላቸው ቀጫጭን ሮንዴላዎች (ዝርግ የብረት ቀለበቶች) አሉ። አንድ ሮንዴላ ከመካከል ሲወጣ ግማሾቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣና ይጠብቃል። ለማላላት ተቃራኒውን ያድርጉ። ፑሌጃውን የያዘውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ሲፈቱ ፑሌጃው አብሮ እንዳይዞር፣ በዲናሞው በኩል ባለው ግማሽ ላይ ካለው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብተው በዲናሞው የላይኛው ቡሎን ላይ ያስደግፉት። የወጣውን ሮንዴላ አይጣሉት፤ ከውጭ በኩል፣ ከዳዶው ሥር ያስቀምጡት። ቀጣዩን ቺንጋ ሲቀይሩ ይፈልጉታል። ከመካከል የሚወጣ ሮንዴላ አልቆ ቺንጋው አሁንም ከላላ፣ ተለጥጧልና ይቀየር።

እዚህ ላይ አንድ ስውር ጥፋት አለ፦ ዳዶውን በአንድ ትንፋሽ ማጥበቅ። ቺንጋው በሁለቱ ግማሾች መካከል ይቆነጠጥና የጠበቀ ይመስላል፤ ሞተሩ ጥቂት ከዞረ በኋላ ቦታውን ይይዝና ይላላል። ዳዶውን ትንሽ ጠበቅ፣ ሞተሩን በእጅ ዞር፣ እንደገና ጠበቅ እያደረጉ ይጨርሱ፤ ከዚያ በአውራ ጣት ይለኩ።

ዘይት በነካው ፑሌጃ ላይ አዲስ ቺንጋ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ብዙ የቮልስ ሞተሮች በታችኛው፣ በሞተሩ ዘንግ ላይ ባለው ፑሌጃ በኩል የጎማ ማኅተም የላቸውም፤ ዘይቱን የሚመልሰው በፑሌጃው አንገት ላይ የተቀረጸ ጠመዝማዛ መስመር ነው። የሞተሩ መተንፈሻ ከተዘጋ ወይም ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ) ካለቁ በውስጥ ያለው ግፊት ዘይቱን በዚያ በኩል ይተፋዋል። መጀመሪያ መተንፈሻውን ያጽዱ፣ ፑሌጃዎቹን በጨርቅና በቅባት ማስለቀቂያ ይጥረጉ። ዘይት የጠጣ ቺንጋ ታጥቦ አይድንም።

ሲገዙ በጀርባው የታተመውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ 11.3 በ912 ቢል ወርዱና ርዝመቱ በሚሊ ሜትር ነው። ቺንጋው የሚይዘው በጎኖቹ ነው። ጠባብ ሆኖ የፑሌጃውን ወለል ከነካ ምንም ቢያጠብቁት ይጮኻል። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች ስለሚለጠጥ እንደገና ይለኩት።

የመጨረሻው ስህተት ቀዩ የዲናሞ መብራት በርቶ «ባትሪው እስኪያልቅ ያደርሰኛል» ብሎ መንዳት ነው። ወዲያው ቆመው ሞተሩን ያጥፉና ከኋላ ከፍተው ቺንጋውን ይመልከቱ። ቺንጋው ከተበጠሰ አንድ ኪሎ ሜትርም አይጨምሩ። ቺንጋው ደኅና ሆኖ ቬንትሌተሩ የሚዞር ከሆነ ግን ችግሩ የዲናሞው ካርቦን (ከሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚቀበለው) ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ ሊሆን ስለሚችል፣ መብራቶችን አጥፍተው እስከ ቅርቡ ጋራዥ መሄድ ይቻላል።